ከቃል በፊት ቀልብ

አማርኛ ለከባድ ድንጋጤ የሕክምና መጽሐፍ ሳይጠብቅ ስም አውጥቶለታል። ሰው ክው ይላል፤ ቀልቡ ይገፈፋል፤ አካሉ እዚህ ተቀምጦ እሱ ግን የለም። ሲረጋጋ "ቀልቤ ተመለሰ" ይላል። ባለሙያዎች ከራስ መነጠል የሚሉትን ከዚህ አጥርቶ የሚገልጽ ቃል አላውቅም። የማማከር ሥራችን ግን ይህን ዕውቀት ዘንግቶ "እስቲ የሆነውን ይንገሩኝ" ብሎ ይጀምራል። የእኔ ክርክር አንድ ነው፦ በተደጋገመ ወይም በረዘመ ጥቃት ተጎድቶ ቀልቡ የሚገፈፍ ሰው ሕክምናው ከሰውነቱ ይጀምር፤ ታሪኩ ይከተላል። ዓላማውም የታመቀ ነገር ማስወጣት ሳይሆን ሰውየውን በገዛ አካሉ ላይ ዳግም ባለሥልጣን ማድረግ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች በአማራ ክልል ያለችውን ነፋስ መውጫ ከተማን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት ስለደረሰው ጥቃት አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶችን አነጋግሮ ነበር፤ 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ቃል ለፍትሕ የግድ ነው። መናገር ሁሉ ግን ሕክምና አይደለም። ተናጋሪዋ መሐል ላይ ድምጿ ሊሳሳ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሊተከል፣ እጇ ሊቀዘቅዝ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ልትቀጥል ትችላለች። ይህን እርጋታ ነው ብሎ የሚያልፍ አማካሪ ተሳስቷል። መሸሽም መታገልም ባልተቻለበት ሰዓት ለአካል የቀረው መከላከያ መደንዘዝ ነበር፤ አሁንም በታሪኩ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ያው መከላከያ ይመለሳል። በዚያ ሁኔታ የተነገረው አይሽርም፤ ቁስሉ ተነካክቶ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄው እዚያው ይቁም። "እግርዎ መሬቱን ይሰማዋል? ተረከዝዎን ጫን ያድርጉት። በሩ የት ነው? እስቲ ዞር ብለው ይዩት።" አንገት ሲዞርና ዓይን በሩን ሲያገኝ ትንፋሽ ራሱ መለወጥ ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ ጥጥና እንዝርት ቢኖር ደግሞ ጣት ሲያከር ዓይን ይከተላል፤ ክሩ ቢበጠስ ይቀጠላል። "ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ በኃይል ይተንፍሱ" የሚለው የተለመደ ምክር ግን ለአንዳንዱ ተጎጂ ጨለማውንና መታፈኑን መልሶ ያመጣበታል። አማካሪው አይነካም፤ ወንበሩም የበሩን መንገድ አይዘጋም። ቀልብ ሲመለስ ከታሪኩ ጥቂት ይነገራል፤ እንደገና ወደ እግር፣ ወደ በሩ፣ ወደ ክሩ ይመለሳል።

ማስረጃው ስስ ነው የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ ከጉዳት በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም (PTSD) ሕክምና አልሠራላቸው ባሉ 64 ሴቶች ላይ ሠርተው ባሳተሙት ጥናት፣ ዮጋ ከሠሩት ግማሽ ያህሉ የሕመሙን መለኪያ ማሟላት አቆሙ፤ ዮጋ ካልሠራው ቡድን ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ። ተስፋ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። ስለ ነርቭ የሚነገሩት ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦችም ገና አከራካሪ ናቸው። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ፣ በማረጋጋት ስም ዋናው ሕክምና ለወራት ይዘገያል የሚለው ነው። ትክክል ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ደኅንነትን ከማስታወስና ከማዘን ያስቀደመችው ደኅንነቱ ላይ እንድንተኛ አይደለም። ቀልቡ የማይገፈፍ ሰው በቀጥታ ወደ ታሪኩ ይግባ፤ ለሚገፈፍበትም የሰውነቱ ሥራ በየክፍለ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ እንጂ የወራት ቀጠሮ አይሁን።

"ይህማ በፀበልና በስግደት ድሮም አለን" የሚሉም አሉ። የዛር ማኅበርን እንኳ አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን መሲንግ ስለ ጎንደር አጥንቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። አካል በአገራችን የፈውስ በር መሆኑን አልክድም። መለኪያዬ ግን ፈቃድ ነው። ወዳ የሰገደች ሴት ከጉልበቷ ኃይል ታገኛለች፤ ሰው ይዟት ቀዝቃዛ ውኃ የሚወርድባት ግን ያንኑ መያዝ ደግማ ልትኖረው ትችላለች። ወደ ታመነበት ቦታ መሄዷ አይከልከል፤ እንዴት እንደምትሄድና መቼ "በቃኝ" እንደምትል ግን በሕክምናው ትለማመድ።

የመጨረሻው ጥያቄ የሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአማራ ክልል ዳግም ጦርነት ውስጥ ነው፤ አደጋው ሳያልፍ ሰውነት ተረጋጋ ቢባል ማታለል ይሆናል። ከይፋግ ተነሥታ ወረታ ላይ ታጥፋ ደብረ ታቦር ለሕክምና የምትደርስ ሴት በዚያው መንገድ ትመለሳለች፤ መንገዱ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ብታይ መፍራቷ ጤና ነው። ፍርሃቷን ልናጠፋው አንሞክርም። ፈርታም እግሯ መሬት መርገጡን ካወቀች፣ መሮጥም መቆምም የእሷ ምርጫ ይሆናል፤ ጥቃቱ ሲደርስባት ያልነበራት ይህ ነው።