የቅጹ ሰዋስው፦ የሰው ስም በሕግ፣ በፓስፖርትና በፊደል ልወጣ ሠንጠረዥ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የተጸውዖ ስም እንዲሁም የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነዶችም ላይ የቤተ ዘመድ ስሙ እንዲቀድም ያዛል። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ አንቀጹም የመጣበትን አገር አይደብቅም። የአማርኛው ቃል ራሱ ይህን ያሳብቃል። «ቤተ ዘመድ» በአማርኛ ሰፊውን ወገን የሚያመለክት የወል ስም ነው እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ መጠሪያ ማለት አይደለም። ሕጉ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ ያልነበረን ነገር ሰየመ፤ የመሥሪያ ቤቶች ቅጾች ደግሞ ስያሜውን ወደ ጎን ትተው «ሙሉ ስም ከነአያት» ማለቱን ቀጠሉ። በተግባር ያሸነፈው ይህ ሁለተኛው ነው።

«ከነአያት» ሲባል ሦስቱ ስሞች የትውልድ ሐረግ ናቸው። አበበ ከበደ ተሰማ የተባለ ሰው ልጁን ሰላም ቢላት፣ ሰላም አበበ ከበደ ትባላለች። የመጨረሻው ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ሲገባ አባት ተሰማ፣ ልጅ ከበደ ይሆናሉ፤ እናትየዋም በራሷ አያት ስም ሦስተኛ ሆና ትመዘገባለች። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ውስጥ አንዳች እንግዳ ነገር አያይም። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ተቀምጦ የቤተሰብ ማገናኘት ማመልከቻ የሚመረምር ሹም ግን የሚያየው የማይዛመዱ የሚመስሉ ሦስት ሰዎችን ነው። የሚያሳዝነው ዝምድናውን የሚመሰክረው ቃል እዚያው ቅጹ ላይ መኖሩ ነው፤ የልጅቱ ሁለተኛ ስም የአባቷ መጠሪያ ነው። ሆኖም ቅጹ ይህን ስም «መካከለኛ» ብሎ ስለሚመድበው፣ በአንድ ፊደል ሊያጥርና ፈጽሞ ሊቀር የሚችል ትርፍ አድርጎታል።

ለዚህ ሁሉ ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መውቀስ የተለመደ ነው። የጉዞ ሰነዶችን ቅርጽ የሚወስነው የድርጅቱ ሰነድ ቁጥር 9303 ግን ከሚታማበት ይልቅ ልል ነው። ስምን ቀዳሚ መለያና ተከታይ መለያ ብሎ ይከፍላል፤ ቀዳሚው የትኛው እንደሆነ የመወሰኑን ሥልጣን ለአውጪው አገር ይተዋል፤ ሊከፈል የማይችል ስምም በሙሉ በቀዳሚው ቦታ እንዲሰፍር ይፈቅዳል። ችግሩ መውጫውን የሚጠቀም ሰው ሌላ በር ላይ መያዙ ነው። ስሙ በአንድ ሳጥን ብቻ የሰፈረ ተጓዥ የአሜሪካ ቪዛ ሲሰጠው በባዶው ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» ይጻፍለታል፤ «የመጀመሪያ ስም ያልታወቀ» የሚለው ምሕጻር ነው። ሦስት ትውልድ ቆጥሮ ስሙን የተናገረ ሰው ስሙ ያልታወቀ ተብሎ ይመዘገባል፤ ምሕጻሩም አንዳንዴ መንጃ ፈቃዱና የባንክ ደብተሩ ላይ ሳይቀር መጠሪያ ሆኖ ይከተለዋል።

ከዚህ የከፋው የክፍት ቦታው ጉዳይ ነው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት እያንዳንዳቸው አንድ ስም ናቸው። በግዕዝ ሰዋስው «ገብረ» ተናባቢ ቃል ነው፤ «ገብር» የሚለው ሳድሱን ወደ ግዕዝ የለወጠው ተከታዩን ለመያዝ ነው። ክፍት ቦታ ያየ ኮምፒውተር ግን «ገብረ»ን መጠሪያ፣ «መድኅን»ን ሌላ ስም ያደርጋል፤ ባለቤቱም ባልተጨረሰ ሐረግ ይጠራል። አማርኛ ራሱ እነዚህን ስሞች ይቆርጣል የሚል ካለ እውነት ነው፤ ገብሬ፣ ወልዴ፣ ኃይሌ የዚሁ ውጤት ናቸው። ነገር ግን ቋንቋው የቆረጠበትን ቦታ በአገናዛቢው «ኤ» ይዘጋዋል፤ ቅጹ ይቆርጥና ክፍቱን ይተወዋል።

የቋንቋ ምሁራን በዚህ ሁሉ ላይ የሚሰነዝሩት መፍትሔ አንድ ወጥ የላቲን ልወጣ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዥ ግን አልጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ለቦታ ስሞች የሚሆን የአማርኛ ልወጣ ሥርዓት በ1967 እ.ኤ.አ. አጽድቋል፤ ለጥናት የሚያገለግሉ፣ ነጥብና ሰረዝ የበዛባቸው ሥርዓቶችም አሉ። እነዚህ የተሠሩት ለካርታና ለመጽሐፍ እንጂ በማሽን ለሚነበበው የፓስፖርት መስመር አይደለም። ያ መስመር ለስም 39 ቦታ ብቻ አለው፤ ከእንግሊዝኛው ፊደላት በቀር ሌላ ፊደል አይቀበልም። ሰነድ 9303 ሁለት ነጥብ የተሸከመውን «ኤ» ወይ ነጥቡን ጥሎ ወይ «ኢ» የተባለውን ፊደል አስከትሎ እንዲጻፍ ይመክራል። ስለዚህ በምሁራን አጻጻፍ ሦስት ጊዜ ይህን አናባቢ የሚይዘው «ከበደ» በማሽኑ መስመር ላይ ባለቤቱ የማያውቀው ስም ይሆናል።

ሠንጠረዡ የሚነሣው ከአማርኛ መሆኑም ሌላ ጉድለት ነው። የላቲኑ «ሲ» በኦሮምኛ ቁቤ «ጭ» ነው፤ በ1972 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የሶማሊኛ ጽሕፈት ደግሞ የዐይን ድምፅ ነው። «ኤክስ» በቁቤ «ጥ»፣ በሶማሊኛ «ሐ» ነው። ትምህርቱን በቁቤ የጨረሰ ጫላ የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ በ«ሲ» ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ በ«ሲ» እና «ኤች» ጥምር ይጀምራል፤ ይህ ጥምር በቁቤ «ች» እንጂ «ጭ» አይደለም። የጅግጅጋው አብዲም በትምህርት ቤት «ሲ»ውን ይዞ፣ በፓስፖርቱ ጥሎት ይገኛል። ከአማርኛ ተነሥቶ እነዚህን «ማረም» በራሳቸው ፊደል በትክክል የተጻፉ ስሞችን ስሕተት ማድረግ ነው።

በግዕዝ ፊደል ቢጻፍስ ችግሩ አይቀርም? አይቀርም። በአማርኛ ንባብ የ«ኃይሉ»ን የመጀመሪያ ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባም እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል። ይህ ተገቢ ነበር፤ የግዕዝ ጽሑፍ ልዩነታቸውን ይፈልጋል። የቀበሌው መዝገብ ግን «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል።

አሁን አዲስ ሠንጠረዥ በግዴታ ቢታወጅ ከአዋጁ በፊት የተጻፈ ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ውል ሁሉ ባለ ሌላ ስም ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ስለሚሰጥ በአገር ውስጥ ሸክሙን ከስም ላይ ያቀላል፤ ውጭ አገር ላለ መሥሪያ ቤት ግን ቁጥሩ ስለ አሮጌው ዲፕሎማ የሚነግረው ነገር የለም። ስሙ በሁለት አጻጻፍ የተገኘ ሰው ዛሬ ፍርድ ቤት የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ «ስም ይለወጥልኝ» ብሎ ነው፤ ያልለወጠውን ስም ለመለወጥ ያመለክታል።

ለዳኛውና ለመዝገብ ሠራተኛው የሚጠቅማቸው ትክክለኛውን አጻጻፍ የሚደነግግ ሳይሆን የትኞቹ አጻጻፎች የአንድ ስም መልኮች እንደሆኑ የሚያስረዳ መዝገብ ነው። ስሙ መጀመሪያ በተጻፈበት ፊደል፣ ግዕዝም ይሁን ቁቤ ወይም የሶማሊኛ ላቲን፣ ዋና ሆኖ ይግባ፤ በየሰነዱ የተገኙት መልኮች በሥሩ ይዘርዘሩ፤ ልዩነቱ ከየትኛው የድምፅ ወይም የጽሕፈት ሥርዓት እንደመጣ ይጻፍ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ እንደ ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አያልቅም። በሞክሼ ፊደላቱና በሁለቱ የላቲን ፊደላት በ«ሲ» እና በ«ኤክስ» መጀመር ይቻላል።