የወጪ መጋራት ደንብና የተመራቂዎች ዕዳ መበላለጥ

የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ መነሻ ያደረገው ሐሳብ ተገቢ ነበር። ይኸውም በሕዝብ ገንዘብ ተምሮ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከገቢው ከፍሎ ለተከታዮቹ ይርዳ የሚል ነው። በዚሁ መሠረት ተማሪው የማስተማሪያውን ወጪ ከመቶ 15፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ እንዲሸፍንና ከተመረቀ በኋላ ከወር ገቢው ከመቶ 10 በማያንስ ሂሳብ እንዲመልስ ተደነገገ።

ሊተች የሚገባው ዕዳው ከአንዱ ተመራቂ ወደ ሌላው የሚበላለጥበት ምክንያት ነው። የሕክምና ተማሪ ብዙ ዓመት ስለሚማር ዕዳው ቢበዛ አያስደንቅም። ነገር ግን በአንድ ክፍል አንድ ሙያ የተማሩ ሁለት ወጣቶችም እኩል ዕዳ አይሸከሙም።

ለዚህ በ1999 ዓ.ም. በነቀምቴ ሥራውን የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። የነቀምቴ ልጅ እዚያው ተመድቦ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ ቢማር፣ የሚጠየቀው የማስተማሪያውን ድርሻ ብቻ ነው። ከአርጆ የመጣው ገበሬ ልጅ ግን በከተማው ቤት ስለሌለው፣ እንጀራውም አልጋው በዕዳ ይመዘገብበታል። የነቀምቴውም ልጅ ቢሆን ምደባ ወደ ሩቅ አገር ከወሰደው ዕጣው ያው ነው። እንግዲህ ዕዳውን የሚያበዛው የተማሪው ምርጫ ሳይሆን የትውልድ ስፍራውና የምደባው ውጤት ነው። በቅድሚያ ለሚከፍል የተፈቀደው ቅናሽም ቢሆን የሚጠቅመው ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለውን ቤተሰብ ነው።

አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሥርዓት ስትጀምር ያስከፈለችው የትምህርቱን ድርሻ እንጂ ቀለብን አልነበረም፤ መክፈልም የሚጀመረው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነበር። የአገራችን ደንብ መምህራን ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ መፍቀዱ ግን የሚመሰገን ነው፤ ለአርጆና ለመሰል ወረዳዎች መምህር የሚያስገኝ መንገድ ነውና።

ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች የቀለብና የመኝታ ዕዳ ከቤተሰብ አቅምና ከምደባ ርቀት ጋር የሚገናዘብበትን ዘዴ ሊያጠኑ ይገባል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ተማሪው የውሉን ቃል ከመፈረሙ በፊት እንዲረዳው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ዕዳ የሚከብደው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቁ ሲገቡበትም ጭምር ነው።