ናይትረስ ኦክሳይድ ለቱርቦ መዘግየት መድኃኒት ነውን?

ቱርቦ የተገጠመለት መኪና የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጉድለት አለ። ይኸውም ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ሞተሩ ወዲያው አለመታዘዙ ነው። መኪናው ለአፍታ ያመነታል፤ ከዚያም ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይመጣና ነጂውን ወደ መቀመጫው ይገፋዋል። ይህን የቱርቦ መዘግየት ይሉታል። ይህን ጉድለት ያስወግዳል እየተባለ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ከሚመሰገኑት ነገሮች አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። እኛም ምስጋናው የተገባ መሆኑንና አለመሆኑን እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ የተተከሉ ሁለት መዘውሮች ናቸው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው አብሮ እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። እንግዲህ ብዙ ጢስ እንዲገኝ ብዙ አየርና ብዙ ነዳጅ መቃጠል አለበት፤ ብዙ አየር እንዲገባ ደግሞ መዘውሩ አስቀድሞ መፍጠን አለበት። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። መዘውሩ ሥራውን በሚገባ ሲሠራ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚዞር ስለ ሆነ፣ ከዝግታ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ያደባልቃሉ። ሞተሩ እጅግ በዝግታ ሲዞር ጢሱ ጥቂት ስለሚሆን፣ ነጂው የቱንም ያህል ቢታገሥ ቱርቦው በሚገባ አይነሣም። ይህ አቅም ማጣት እንጂ መዘግየት አይደለም። መዘግየት ብለን በትክክል ልንጠራው የሚገባን፣ ጢሱ በቂ ሊሆን በሚችልበት ፍጥነት መዘውሩ እስኪነቃ ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ብቻ ነው። ለፊተኛው ችግር ከሁሉ የረከሰው መድኃኒት ማርሽ መቀነስ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና።

በአገራችን ደጋ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ የሚስበው ይህን የሳሳ አየር ነው፤ አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ያንሳል፤ ነዳጁ ሲያንስ ጢሱ ያንሳል፤ የመጠበቂያውም ጊዜ ይረዝማል። ቱርቦ ደጋን ያሸንፋል የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ እውነት የሚሆነው ከነቃ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። ናይትረስ ኦክሳይድን በ1772 ያገኘው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሲሆን፣ የጥርስ ሐኪሞች ሕመም ለማስታገሥ የሚጠቀሙበትም ይኸው ጋዝ ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት ነዳጅ አይደለም፤ ራሱም አይነድም። ጥቅሙ በሲሊንደሩ ሙቀት ፈርሶ ኦክስጅን መስጠቱ ነው። በክብደት ሲመዘን ከመቶ 36 እጁ ኦክስጅን ሲሆን፣ የተራ አየር ግን ከመቶ 23 እጁ ብቻ ነው። በተጨማሪም ከቦምቦላው ፈሳሽ ሆኖ ወጥቶ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የሚገባውን አየር እጅግ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየርም ጠጣር ነው። ስለዚህ ከጋዙ ጋር ተጨማሪ ቤንዚን ሲሰጠው ሞተሩ ቱርቦውን ሳይጠብቅ ብዙ ያቃጥላል፤ ብዙ ትኩስ ጢስ ይወጣል፤ መዘውሩም ፈጥኖ ይነቃል። እስከዚህ ድረስ አመስጋኞቹ አልዋሹም።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ጂ ኤም 1 ብለው በሰየሙት ዘዴ ይህንኑ ጋዝ ለአንዳንድ የጦር አውሮፕላኖቻቸው ሞተር ይሰጡት ነበር። ይህን ያደርጉ የነበረው አየሩ እጅግ በሚሳሳበት ከፍታ፣ የሞተሩ አየር መጭመቂያ አልበቃ ሲል ነበር። ጋዙ መጭመቂያው ያልቻለውን ክፍተት ለአጭር ጊዜ እንዲሞላ ተደረገ ማለት ነው። ለመኪናም ትክክለኛው አገልግሎቱ ይህ ይመስለናል።

የነቀፌታችን ዋና ነጥብ ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። በተለመደው አሠራር ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ መጠን የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በሰኮንድ የሚገባው መጠን ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያው ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚደርሰው ጋዝ፣ በ6,000 ዙር ከሚደርሰው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ግፊቱ በዚያው መጠን ይበረታል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተኑን የያዘው ክንድ፣ መካኒኮቻችን ቢዬላ የሚሉት፣ ሊጎብጥ ይችላል። ሻጮቹ ራሳቸው ከ2,500 ወይም ከ3,000 ዙር በታች ጋዙ እንዳይከፈት የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ እጅግ አደገኛ የሚሆነው በሽታው እጅግ በሚበረታበት ቦታ ነው። ከላይ አቅም ማጣት ያልነውን ጋዙ ያለ አደጋ ሊፈውሰው አይችልም፤ ሊረዳ የሚችለው ለእውነተኛው መዘግየት ብቻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ ሲሰጥ፣ ከተወሰነ ዙር በላይ ብቻ ሲከፈትና የቱርቦው ግፊት እንደ ሞላ በራሱ እንዲዘጋ ሲደረግ። ሥራው የአንድ ወይም የሁለት ሰኮንድ ነው። የቤንዚኑ መስመር ተደፍኖ ጋዙ ብቻ ከገባ ደግሞ ፒስተኑ በቅጽበት ሊቀልጥ ይችላል።

ሕዝቡ ግን ይህን ጋዝ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ያስተዋወቀው በ2001 በአሜሪካ የወጣው «ዘ ፋስት ኤንድ ዘ ፉርየስ» የተባለው ፊልም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያው የሌሊት እሽቅድድም ወጣቱ ቁልፉን ሲጫን መብራቶቹ እንደ ክር ይሳባሉ፤ ኮምፒዩተሩ ያስጠነቅቃል፤ የመኪናው ወለል ተገንጥሎ ይወድቃል። እንደ ትርኢት ልብ ይሰቅላል። ሞተሩ መጎዳቱንም ስላልደበቀ ፊልሙን እናመሰግነዋለን። ይሁን እንጂ ጋዙን የሚያሳየን መኪናው በፍጥነት ሲበር እንደሚጨመር የመጨረሻ ምት አድርጎ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ቱርቦ ያለው ሞተር መዘግየቱን ጨርሷል። ከዚህም በኋላ መኪናው በጥይት ተመቶ በጋዙ ምክንያት ሲፈነዳ እናያለን። ጋዙ ግን ሌላውን ያነድዳል እንጂ ራሱ እንደ ቤንዚን አይነድም። የቦምቦላው እውነተኛ አደጋ በውስጡ ያለው ግፊት ነው፤ ይኸውም በ20 ዲግሪ ሙቀት የከባቢ አየርን ግፊት 50 ጊዜ ያህል ነው። በፀሐይ ቆሞ በሚውል መኪና ውስጥ ከዚህ እጅግ ይጨምራል። ይህን የማያውቅ ወጣት ቦምቦላውን ከመቀመጫው በስተኋላ አስሮ ሲነዳ፣ የሚፈራውን ትቶ የማይፈራውን ይፈራል።

ስለ ወጪው ብዙ አንናገርም። 4 ኪሎ ተኩል የሚይዝ ቦምቦላ 50 የፈረስ ጉልበት ለመጨመር ቢውል ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። በየመንገድ መብራቱ ሁለት ሁለት ሰኮንድ የሚከፍት ነጂ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። በቦምቦላ ላይ የተመሠረተ ሞተር የሚደርስበትን ከታሪክ እናውቃለን፤ በ1962 የወጣው ባለ ቱርቦው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እንዳያንኳኳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ያስፈልገው ነበር። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት እየዘነጉ ቱርቦው ጥቅም አልባ ይሆንባቸው ነበር። መኪናው ከሁለት ዓመት በላይ አልተሠራም።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች የተሻለ መንገድ አግኝተዋል። አውዲ በ2016 ለኤስ ኪው 7 መኪናው በኤሌክትሪክ የሚዞር አየር መጭመቂያ ጨመረ፤ ይህም ከሩብ ሰኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ይፈጥናል። ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን ቮልቮ በዚያው ዓመት ያወጣው ነው። እሱም የናይትረስ ወዳጆች ያሰቡትን ያህል አስቧል፤ መዘውሩን ለአፍታ የሚገፋ ነገር በዕቃ አስቀምጧል። ያስቀመጠው ግን የተጨመቀ ተራ አየር ነው፤ የሚለቀውም ወደ ሲሊንደሩ ሳይሆን በቀጥታ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የጢስ መስመር ስለ ሆነ ቢዬላውን አያስጨንቅም። ታንኩ 2 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ ሲጎድልም መኪናው ራሱ ይሞላዋል።