ከማስታወቂያው ግርጌ ያለው ጥቅስ

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ መጻሕፍትንና መዝሙሮችን እንገመግማለን። ዛሬ የምንገመግመው ግን ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምትጽፉትን፣ ማንም እንደ ጽሑፍ የማይቆጥረውን ነገር ነው፤ የሽያጭ ማስታወቂያን። ከእሱም ጋር ከግርጌው የምትለጥፉትን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ።

ነገሩን ያነሣሣኝ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ከኅብረታችን ወንድሞች አንዱ ከመርካቶ ጅምላ ሻጮች ጫማ እየወሰደ በቴሌግራም ይሸጣል። አባቱ ካረፉ ወዲህ የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። አንድ ማታ ማስታወቂያውን ላከልኝና «መምህር፣ ጥቅሱ በትክክል መጻፉን ይዩልኝ» አለኝ። ከጫማው ፎቶ ሥር «ኦርጅናል»፣ «ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቷል»፣ «ቅናሹ ለዛሬ ብቻ» ይላል። ከሁሉም በታች ፊልጵስዩስ 4፥13 ተጽፏል። ጥቅሱ ላይ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝቼ አረምኩለት። «ኦርጅናል» የምትለውን ቃል አልነካሁም። ጫማው ኦርጅናል እንዳልሆነ እሱ ያውቃል፤ በዚያ ዋጋ ሊሆን እንደማይችል እኔም አውቅ ነበር።

ከወር በኋላ፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ፣ አንዲት እናት ሶሉ የተላቀቀ ጫማ በፌስታል ይዘው ጠሩኝ። ማስታወቂያውን ልጃቸው በስልኳ አሳይታቸው ነው የገዙት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ ስለ ጫማ ምን አውቃለሁ? ጥቅሱን አይቼ ነው የገዛሁት» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፈ ምሳሌን እንደ ቀድሞው ማንበብ አልቻልኩም።

መርካቶን የምታውቁ የዚህን ወንድም ፈተና ትረዱታላችሁ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው የተከሉት ይህ ገበያ የሚሠራው በተራ ነው፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ለገዢ መልካም ነው፤ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ዋጋ ያወዳድራል። ለሻጭ ግን ጭንቅ ነው። ያው ጫማ ከእሱም ሱቅ፣ ከጎረቤቱም ሱቅ ተሰቅሏል። ዕቃው አንድ፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ሲሆን ልዩነት የሚፈጥረው አፍ ነው። በስልክ ሲሸጥማ ይብሳል፤ ገዢው ዕቃውን በእጁ ስለማይዳስስ ገንዘብ የሚከፍለው የሻጩን ቃል አምኖ ነው።

እንዲህ ያለ ገበያ ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም። ኤርምያስ 37፥21 በኢየሩሳሌም የእንጀራ ጋጋሪዎች መንገድ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ በእኛ አነጋገር ጋጋሪ ተራ ማለት ነው። በመጽሐፈ ምሳሌም የገበያ ጫጫታ ይሰማል። ብዙዎቻችን ምሳሌን የምናነበው አንዷን ቁጥር መዘን በማውጣት ነው። እስቲ ዛሬ ምዕራፍ 20ን ከፍታችሁ የገበያ ነገር ያለባቸውን ቁጥሮች በተርታ አንብቧቸው፤ 10፣ 14፣ 15፣ 17 እና 23።

ቁጥር 10 እና ቁጥር 23 ስለ ሁለት ዓይነት መመዘኛ ይናገራሉ። በዚያ ዘመን ነጋዴ የሚመዝነው በድንጋይ ነበር፤ ድንጋዮቹንም በከረጢት ይይዛቸዋል። በይሁዳ ምድር የተገኙት የአንድ ሰቅል መመዘኛዎች 11 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ከእንዲህ ያለች ትንሽ ድንጋይ ላይ አንድ ግራም ቢፋቅ ዓይን አይለየውም። አጭበርባሪው ሁለት ዓይነት ይዞ ሲገዛ ከባዱን፣ ሲሸጥ ቀላሉን ያወጣል።

በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል፣ ቁጥር 14 ላይ፣ አንድ ገዢ ይመጣል። ዕቃውን ያጣጥላል፣ ያናንቃል፤ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ግን ይኩራራል። ይህን ሰው መርካቶ ውስጥ አይታችሁታል። ምናልባትም እናንተው ናችሁ። «ይሄማ ምኑ ይገዛል!» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ሰፈር ሲደርስ «በነጻ ወሰድኩት በለው» ይላል። ጸሐፊው አይገስጸውም፣ ምክርም አይጨምርም፤ አሳይቶን ብቻ ያልፋል። ደግሞም ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ በአፉ ሲያታልል የምናየው ገዢው ነው። ነጋዴን ብቻ ሌባ እያልን ለምንሰብክ ሰዎች ይህ ቁጥር ጥሩ መስታወት ነው።

ወዲያው ቁጥር 15 ወርቅና ዕንቁ ቆጥሮ ከእነርሱ ሁሉ የከበረው ዕቃ እውቀት ያለበት ከንፈር እንደሆነ ይናገራል። ከገዢው ውሸት ቀጥሎ መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከተሰቀለው ዕቃ ሁሉ ይልቅ የሱቁ ትልቅ ሀብት ዕቃውን የሚያውቅና ያወቀውን የሚናገር አፍ ነው። ቁጥር 17 ደግሞ በሐሰት የተገኘ እንጀራ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ በኋላ ግን አፍን በጠጠር ይሞላል ይላል። በርበሬ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ ሲሸጥ በሰማንበት ከተማ ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እንግዲህ ሚዛን፣ አፍ፣ ከንፈር፣ አፍ፣ ሚዛን። ምዕራፉ ሚዛንንና ንግግርን እያፈራረቀ የሚያሳየን ሁለቱም አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ነው ብዬ አነብበዋለሁ።

የእኛም ቋንቋ ይህን ይደግፋል። የ1954 ዓ.ም. ትርጉም በምሳሌ 11፥1 ላይ ጎደሎ ሚዛን አይልም፤ አባይ ሚዛን ይላል። አባይ ማለት ውሸታም ነው። ተርጓሚዎቹ ሚዛኑን እንደሚናገር ሰው ቆጥረውታል፤ ምላስ ሰጥተውታል። ሚዛን «ይህ አንድ ኪሎ ነው» ብሎ የሚመሰክር ምስክር ነውና። ማስታወቂያም እንዲሁ በቃል የተሠራ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ማስታወቂያ እንመለስ። «ኦርጅናል» የሚለው የመጀመሪያው የተፋቀ ድንጋይ ነው። «ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚለው ሁለተኛው ነው፤ ጅምላ ሻጩ ዘንድ ጫማው በካርቶን ተደርድሯልና። ሳምንት ሙሉ ያልተነሣው «ለዛሬ ብቻ» ሦስተኛው ነው። አሳሳች ማስታወቂያን የአገራችንም ሕግ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004፣ ይከለክላል። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን አራተኛው ድንጋይ፣ ጥቅሱ ነው። ፊልጵስዩስ 4፥13ን ከፊቱ ካሉት ቁጥሮች ጋር አንብቡት። ጳውሎስ በእስራት ሆኖ፣ መጥገብንም መራብንም እንደተማረ፣ ባለው ነገር መኖርን እንደለመደ እየጻፈ ነው። ቃሉ ሳይሸጥ ለዋለ ነጋዴ ትልቅ መጽናኛ ነው። እኛ ግን ከእነዚያ ቁጥሮች ቆርጠን የጥራት ማኅተም አደረግነው። ያቺ እናት ማኅተሙን አምነው ከፈሉ። የእግዚአብሔር ቃል ከአባይ ሚዛን ጋር አብሮ መሰከረ፤ ፊደሉን ያረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንዳንድ አስተማሪዎች «በመጽሐፍ ቅዱስ መርሕ ንግድህን አሳድግ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ታማኝ ሁን፣ ገበያህ ይደራል ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ደንበኛም እውነተኛ ሻጭን ይፈልጋል። ሆኖም ይህ ንባብ ምሳሌ 16፥8ን ይዘላል። እዚያ ላይ ከጽድቅ ጋር ያለ ጥቂት ነገር ያለ ጽድቅ ከሚገኝ ብዙ ትርፍ ይሻላል ተብሏል። ጠቢቡ ይህን ሲል ጻድቁ ጥቂት፣ ዐመፀኛው ብዙ የሚያገኝበት ቀን እንዳለ እያመነ ነው። ታማኝነትን የገበያ ዘዴ አድርገን ካስተማርናችሁ፣ ዘዴው ያልሠራ ቀን ትታችሁት ትሄዳላችሁ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይሆንም።

ታዲያ ክርስቲያን አያስተዋውቅ? ያስተዋውቅ እንጂ! ግን በቁጥር 15 ከንፈር ያስተዋውቅ። ቆዳ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ሶሉ የተሰፋ ነው ወይስ የተለጠፈ? ቁጥሩ ይጠብባል? ተበላሽቶ ቢመለስ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን የሚያውቅ ሻጭ የሚጽፈው አያጣም። ውሸት ብዙ ጊዜ ዕቃውን ያለማወቅ መሸፈኛ ነው።

ወንድማችንና እኔ አብረን እኚያ እናት ቤት ሄደን ገንዘባቸውን መለስን፤ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። እሱ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ጻፈው፦ «ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ሶሉ የተለጠፈ፤ ለደረቅ ቀን እንጂ ለክረምት አይሆንም።» ጥቅሱን አነሣው። በመጀመሪያው ወር ሽያጩ ቀነሰ፤ አንድ ጓደኛው «የራስህን ዕቃ ታማለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። የዚያን ወር ኪራይ ከአጎቱ ተበድሮ ከፈለ። ዛሬም ይሸጣል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ገበያው ተመልሶለታል ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን እኔም ሌላ «ኦርጅናል» መጻፌ ይሆናል።

በሚቀጥለው የኅብረት ቀናችሁ ምሳሌ 20ን አብራችሁ አንብቡ። የምትነግዱ ሁሉ በመጨረሻ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ ይዛችሁ ኑና፣ ዕቃውን በሚያውቅ ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የማትነግዱ ደግሞ በመጨረሻ የተከራከራችሁበትን ዕቃ አስታውሱ፤ ለሻጩ ምን አላችሁት? ቤት ስትደርሱስ ምን አላችሁ? የሱቅ ማስታወቂያ እንዳርምላችሁ የምትልኩልኝ ካላችሁም ላኩልኝ። ከእንግዲህ ግን ማረም የምጀምረው ከላይ ነው።