በበረዶ ላይ የሚተከል የጀልባ ማሰሪያ፦ ጥሩው ሥራ ከደካማው የሚለይበት

በአሜሪካ ኒው ሀምፕሻየር ግዛት እንደሚገኘው የዊኒፐሶኪ ሐይቅ፣ በብርድ ወራት ገጻቸው በረዶ በሚሆን ሐይቆች ላይ የጀልባ ማሰሪያ፣ ማለትም በወለሉ የሚያርፍ ከባድ ድንጋይ ከነሰንሰለቱና ከነተንሳፋፊው፣ በረዶው ከጠነከረ በኋላ ሊተከል ይችላል። በሙቀት ወራት ይህን ሸክም ለማውረድ ክሬን የጫነ ጀልባ ሲያስፈልግ፣ በብርድ ግን በረዶው ራሱ መድረክ ስለሚሆን፣ ሠራተኛው በተመረጠው ቦታ ቆሞ ከዳርቻውና ከአጎራባች ማሰሪያዎች ያለውን ርቀት ከለካ በኋላ በረዶውን በሞተር መጋዝ ቆርጦ ድንጋዩን ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ድንጋዩን በበረዶው ላይ ትቶ፣ ብርዱ ሲያልፍ በራሱ እንዲሰጥም የሚጠብቅ ሰው የዘዴውን ዋና ጥቅም ያባክናል፤ የላላ በረዶ በነፋስ እየተገፋ ስለሚጓዝ ድንጋዩ የት እንደሚወርድ አይታወቅምና።

ስለ ክብደት ሲነሣ ዐዋቂ የሚጠይቀው በየብስ የተመዘነውን ሳይሆን በውኃ ውስጥ የሚቀረውን ነው። ውኃ የሰጠመን ነገር ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ በየብስ 1000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኮንክሪት በውኃ ውስጥ ወደ 580 ሲወርድ፣ ግራናይት ወደ 630፣ ብረት ደግሞ ወደ 870 ይጠጋል። ወለሉ ጭቃ ከሆነ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የብረት መልሕቅ ቀስ በቀስ እየተቀበረ ከክብደቱ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ በአለት ላይ ግን እምብዛም አይረባም። ግድብ ያለው ሐይቅ በብርድ ወራት ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የሰንሰለቱ ርዝመት በዕለቱ ጥልቀት ሳይሆን በሐይቁ ከፍተኛ ልክ መታሰብ አለበት። በበረዶ ውስጥ የተያዘ ተንሳፋፊ፣ በረዶው ሲንቀሳቀስ ማሰሪያውን ሊጎትት ስለሚችልም፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ትልቁን ተንሳፋፊ እስከ ሙቀት ወራት አያስርም፤ በምትኩ ከበረዶው በቀላሉ የሚላቀቅ ቀጭን ዘንግ ያስቀምጣል።

የበረዶው ምርመራ ከሁሉ ይቀድማል፤ መፈተሻ ቀዳዳ ሳይቦረቡር ሸክሙን የሚያስገባ ሠራተኛ ቢታይ የቀረውን መመዘን ትርፍ ድካም ነው። ጥርት ያለ አዲስ በረዶ 10 ሴንቲሜትር ሲወፍር አንድ እግረኛን፣ ከ20 እስከ 30 ሲደርስ ደግሞ ትንሽ መኪናን ይሸከማል ይባላል፤ ነገር ግን ከረጠበ አመዳይ የተሠራው ነጭ በረዶ ጥንካሬው የጥርቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን ይገባዋል። ወንዝ በሚገባበት፣ ምንጭ በሚፈልቅበትና ውኃው በጠባብ መተላለፊያ በሚፈስስበት ቦታ በረዶው ይሳሳል፤ በላዩ የተከመረ አመዳይም ብርዱን እየከለከለ እንዳይወፍር ያደርገዋል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ሸክም ደግሞ በረዶውን ቀስ በቀስ ስለሚያጎብጠው፣ በድንጋዩ ዙሪያ ውኃ ብቅ ካለ ሥራው ወዲያው መቆም አለበት። የተቆረጠው ጉድጓድ በስስ በረዶ ተሸፍኖ በአመዳይ ሲለበስ ከአካባቢው ስለማይለይ፣ ዙሪያው ከሩቅ በሚታዩ ቅርንጫፎች ሳይታጠር የተተወ ሥራ፣ ማሰሪያው የቱንም ያህል በትክክል ቢያርፍ፣ እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም።