«ጠፋ» ወይስ «ተደለደለ»? ስለ ንግግር ድምፆች ልየታ ስያሜ

የሕፃናትን የንግግር አቀባበል የሚመለከቱ ጥናቶች በአማርኛ ሲገለጹ፣ «ሕፃን የቋንቋዎችን ድምፆች ሁሉ ይሰማል፤ ዓመት ሲሞላው ግን ችሎታው ይጠፋል» የሚል አነጋገር ያጋጥመናል። አነጋገሩ የቆመባቸው ሁለት ቃላት ለሙያው የሚበቁ አይደሉም።

«ሰማ» ሰፊ ግሥ ነው። «አማርኛ ይሰማል» ስንል ይረዳል ማለታችን ነው፤ «ምክር አይሰማም» ስንል ደግሞ እሺ አይልም ማለታችን ነው። እንግዲህ «ሕፃኑ ሁለቱን ድምፆች አይሰማም» ቢባል፣ ጆሮው አይሠራም ነው? ትርጉሙ አልገባውም ነው? ወይስ አንዱን ከሌላው አልለየም? ተመራማሪዎቹ የፈተኑት የመጨረሻውን ስለ ሆነ፣ ተገቢው ቃል «ልየታ» ነው።

«ጠፋ» ግን የጥናቱን ውጤት ጭምር ያዛባል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት በ6 እና በ8 ወር መካከል ሳሉ፣ የሂንዲን ሁለት «ተ» መሰል ድምፆችና በካናዳ የሚነገረውን የቶምሰን ቋንቋ ሁለት «ቀ» መሰል ድምፆች አብዛኞቹ ለይተዋል፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲደርሱ የለዩት ጥቂቶች ነበሩ። ሆኖም ደራሲዎቹ በርእሳቸው ያሰፈሩት ቃል እንደገና መደራጀትን እንጂ ጥፋትን አያመለክትም።

ካትሪን ቤስትና ባልደረቦቿ በ1988 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዐዋቂዎች በቋንቋቸው አቻ የሌላቸውን የዙሉ የምላስ ጠቅታዎች ይለያሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ መሰል አድማጮች የትግርኛን «ጰ» እና «ጠ» በሚገባ ለይተዋል፤ ሁለቱን በቋንቋቸው በሁለት የተለያዩ መደቦች ያስገቧቸዋልና። ችሎታው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። የሚለወጠው ጆሮ ሳይሆን ድምፆች የሚመደቡበት ሥርዓት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አማርኛ የሚማር እንግዳ «ትል» እና «ጥል» ቢምታታበት፣ ችሎታው ጠፍቷል የተባለ መምህር ተስፋ ይቆርጣል፤ ድልድሉ ሌላ ነው የተባለ ግን ልምምድ ያዘጋጃል። ጃፓናውያን ዐዋቂዎች የእንግሊዝኛን «ረ» እና «ለ» በልምምድ የተሻለ መለየት እንደሚችሉ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አረጋግጧል።

«ድልድል» የሠራተኛ ምደባን እንደሚያስታውስ አንዘነጋም። ቢሆንም ነባር መደብ ሳይደመሰስ አዲስ ሥርዓት መያዙን በግልጽ ስለሚናገር፣ ከ«ልየታ» ጋር በሙያው መዝገበ ቃላት እንዲሰፍር እናሳስባለን።