ሦስቱ ወንዶችና የጁዲት ድምፅ

የዘ ሲከርስን ዘፈኖች የሚንቁ ሰዎች ምክንያታቸው አንድ ነው፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ ናቸው ይላሉ። ጩኸት የለ፣ ቁጣ የለ፣ የሚያጓራ ጊታር የለ። 1960ዎቹን በሮሊንግ ስቶንስ ብቻ ለሚያስታውስ ሰው፣ ሱፍ የለበሱ ሦስት ወንዶችና አንዲት ልጅ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሊመስሉት ይችላሉ። እኔ ግን ያ ንጽሕና እንዲሁ የተገኘ ነው ብዬ አላምንም። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው፣ ብዙ ነገር መጨመር እየቻሉ በመተው የተሠራ ነው።

ባንዱ የተመሠረተው በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ነው (ሌሎቹም ዓመታትና ቀኖች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አቶል ጋይ ደብል ቤዝ፣ ኪት ፖትገር ባለ 12 ክር ጊታርና ባንጆ፣ ብሩስ ውድሊ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ጁዲት ደርሃም ፒያኖ የተማረች፣ ከጃዝ ባንድ ጋር የምትዘፍን ወጣት ነበረች፤ ከአቶል ጋር የተዋወቀችው ቀን ቀን በጸሐፊነት በምትሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት ነው። በ1964 በመርከብ ላይ መንገደኛውን እያዝናኑ ለንደን ገቡ። ሐሳባቸው ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መመለስ ነበር።

ከአራቱ ድራም የሚመታ የለም። ታዲያ ምቱን ማን ያዘው? «አይል ኔቨር ፋይንድ አናዘር ዩ» የሚለውን የመጀመሪያ ታላቅ ዘፈናቸውን መግቢያ ስሙ። ቀድሞ የሚሰማው የፖትገር ጊታር ነው። የዚህ ጊታር ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው በስድስት ረድፍ ይወጠራሉ፤ በወፍራሞቹ አራት ረድፎች ከእያንዳንዱ ክር ጎን አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ቀጭን ክር አለ፤ የቀሩት ሁለቱ ረድፎች እኩል ይቃኛሉ። ሁለት ክር ግን የቱንም ያህል ቢቃኝ ፍጹም አንድ አይሆንም። ድምፁን እንደ ውሃ ላይ ፀሐይ የሚያብለጨልጨው ያ ኢምንት ልዩነት ነው። ብልጭታው ሌላ ባንድ በድራም ሳህን የሚሞላውን የላይኛውን ቦታ ይሞላል፤ የታችኛውን የአቶል ጣቶች ይይዙታል። መካከሉ ለሰው ድምፅ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ዘፈኑ በየካቲት 1965 በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፤ በአሜሪካም አራተኛ ደረጃ ደረሰ።

ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ቶም ስፕሪንግፊልድ የዝነኛዋ የደስቲ ስፕሪንግፊልድ ወንድም ነው። ቀደም ሲል ከእኅቱና ከሌላ ወንድ ጋር ሆኖ የሚዘፍንበት የፎክ ቡድን ነበረው፤ ስለዚህ አንዲት ሴት በወንዶች መካከል ስትዘፍን የማን ድምፅ የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ብልሃቱ ጎልቶ የሚታየው በ«ዘ ካርኒቫል ኢዝ ኦቨር» ነው። ዜማው የሩሲያ ነው። በሩሲያው ዘፈን ስቴንካ ራዚን የተባለው የኮሳክ መሪ፣ ጓዶቹ በሴት ተሸነፈ ብለው ሲያሙት፣ የማረካትን የፋርስ ልዕልት አንሥቶ ቮልጋ ወንዝ ውስጥ ይወረውራታል። ስፕሪንግፊልድ ዜማውን ወስዶ ግድያውን ተወው፤ በቦታው የሁለት ፍቅረኞችን ስንብት አስገባ። ያ ከባድ፣ ወደ ታች የሚስብ የሩሲያ ዜማ ግን ክብደቱን አልጣለም። ለዚህም ይመስለኛል አንድ ተራ የመለያየት ዘፈን እንደ ቀብር የሚከብደን። በ1965 መጨረሻ በእንግሊዝ አንደኛ ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠለት።

እዚህ ላይ የጁዲትን አዘፋፈን ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ግጥም የተሰጠው ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ያለቅሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁን ይሰብራል። እሷ አንዱንም አታደርግም። ኖታውን ከመሐሉ ትመታዋለች፣ ፊደል አትውጥም፣ ቃሉን እስከ ጫፉ ትናገረዋለች። (እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ ብቻ የተማርን ሰዎች እንኳ መዝገበ ቃላት ሳናገላብጥ የምንሰማት ዘፋኝ ናት።) ሐዘኑን ለዜማው ትታለታለች። ሦስቱ ወንዶች ደግሞ ከሥሯ ሆነው ሊበልጧት አይሞክሩም፤ በአንድ ልክ ተንፍሰው፣ ቃሏ ሲያልቅ ቃላቸው ያልቃል። ሦስቱም ብቻቸውን መዝፈን የሚችሉ ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ፣ ይህ ትሕትና ሳይሆን የሙያ ዲሲፕሊን ነው እላለሁ።

ሁሉም ሥራቸው እኩል አይደለም። በፉጨት የሚጀምረው «ጆርጂ ገርል» ለፊልም የተሠራ፣ ለኦስካር የታጨ ዘፈን ነው፤ ለእኔ ጣፋጩ በዝቶበታል።

መጋቢት 12 ቀን 1967 ሜልቦርን ላይ ባቀረቡት ኮንሰርት 200 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ተበተኑ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተገናኝተው መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ጁዲት በ2022 በ79 ዓመቷ አረፈች።

«ዘ ካርኒቫል ኢዝ ኦቨር»ን ሁለት ጊዜ ስሙልኝ። በመጀመሪያው እሷን ተከተሉ፤ እሱ ቀላል ነው። በሁለተኛው እሷን ተዋትና ከሥሯ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ስሙ።